ስታዲየም ዙሪያ የሚሸጠው ስኬትቦርድ እንዴት ነው? ለልጅ መግዛት ለምትፈልጉ

ለእህቴ ልጅ የገዛሁት ስኬትቦርድ አሁን በደንብ ተነድቷል፣ ተጋጭቷል፣ ዝናብ መቶታል፣ ተፈቶም ተገጥሟል፣ ስለዚህ ስለሱ በእርግጠኝነት መጻፍ እችላለሁ። ሰሞኑን ብዙ ወላጅ ይሄን ነገር ሲጠይቅ አያለሁ። ኮሪደሩ ከተሠራ ወዲህ መሀል ከተማው ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስላለ ልጁ ሁሉ ማታ ማታ ሮለሩንና ስኬቱን ይዞ ይወጣል፣ የኛም ልጅ እነሱን አይቶ ካልተገዛልኝ አለ። 11 ዓመቱ ነው። እናቱ ጫማ ነው የሚያስፈልገው ብላ ነበር፣ እኔ ግን በስኬት ነገር ጨክኜ እምቢ ማለት አልችልም፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ እንጨቱ ጥሩ ነው፣ ብረቱ ይሠራል፣ ጎማውና ኩሽኔታው (ጎማው ውስጥ ገብቶ የሚያሽከረክረው የብረት ቀለበት) ግን የግድ መቀየር አለበት። ያን ካደረጋችሁ ገንዘቡ አይቆጭም።

የገዛሁት ስታዲየም ዙሪያ ማሊያና ዋንጫ ምናምን ከሚሸጡት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ካንዱ ነው። ሁለት ዓይነት ሰቅለዋል። አንደኛው ቀለል ያለ፣ ከሥሩ የካርቱን ሥዕል ያለበት፣ ጎማውን የሚይዘው ክፍል ፕላስቲክ የሆነ ነው፣ እሱን ተዉት፣ የቤት ውስጥ መጫወቻ ነው፣ ትንሽ ከበድ ያለ ልጅ ሲቆምበት ይጎብጣል። ሁለተኛው 4,800 ብር ያሉኝ ነው፣ ስታነሱት ክብደቱ ራሱ ይለያል፣ እኔም የወሰድኩት እሱን ነው። ሻጩ ልጅ ትዕግስተኛ ነበር፣ ጋሼ እንደፈለጉ ይዩት ብሎ ላስቲኩን ቀዶ ሰጠኝ፣ ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ አንድ በአንድ አየሁት። ይሄን ሁሌም አድርጉ። ላስቲኩ አይቀደድም ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ፣ ምክንያቱም ከውጪ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው።

በመጀመሪያ የእንጨቱን ጠርዝ ዓይናችሁ ድረስ አስጠግታችሁ እዩት። የደህና ስኬት እንጨት ሰባት ስስ ሽፋን ተጣብቆ ነው የሚሠራው፣ ከጎን ሲታይ ሽፋኑ ይቆጠራል፣ የኔው ሰባት አለው፣ መሀል ላይ ደግሞ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። የካናዳ ሜፕል ነው የሚል ጽሑፍ አለበት፣ እሱን እንኳን አላመንኩም ግን እንጨቱ እስካሁን አልተሰነጠቀም። ስፋቱ 8 ኢንች ነው፣ ለ11 ዓመት ልጅ ትንሽ ሰፊ ቢሆንም ያድግበታል፣ ለ7 እና 8 ዓመት ልጅ ግን ጠበብ ያለ ፈልጉ። ላዩ ላይ ያለው ብርጭቆ ወረቀት መሳይ ነገር (ግሪፕ ይሉታል) በደንብ ተለጥፏል፣ ጠርዙ ላይ አልተነሳም።

ብረቱን ስናይ፣ ትራክ የሚባለው ማለት ነው፣ ጎማዎቹን የሚይዘውና ወደ ጎን ስትጋደሉ የሚያዞረው፣ አሉሚኒየም ነው፣ ጥሩ ነው። መሀሉ ላይ ያለው ጎሚኒ ግን ደረቅ ነው፣ መጀመሪያ ላይ አልዞርም ብሎ ልጁን አስቸግሮት ነበር። ዳዶውን ትንሽ ስናላላለትና ልጁ ሲጋልበው ሲቆይ ለሰለሰ። ብሎኖቹ ሁሉም በቦታው ናቸው፣ ሮንዴላ ግን ሁለት ጎማ ላይ ጎድሎ ነው የመጣው። ስመልሰው ሻጩ ሳይጨቃጨቅ ከሌላ ቦርድ ፈትቶ ሰጠኝ፣ ለኔ ጥሩ ሆነ፣ ያንን ሌላውን ቦርድ የሚገዛው ሰው ነው የሚያሳዝነኝ። ባለሱቆች እባካችሁ ዕቃውን ስትረከቡ ቁጠሩ።

ጎማውና ኩሽኔታው ጋ ስደርስ ግን ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም የዚህ ስፖርት ነገር ሁሉ ያለው እዛ ላይ ነው፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እሱን ነው።

እኔ ያደግኩት ፒያሳ ነው፣ በ1980ዎቹ። ስኬትቦርድ የሚባል ነገር በቲቪ እንኳን አይተን አናውቅም፣ ግን ኩሽኔታ ነበረን። የዛ ዘመን ልጅ የሆነ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ለማያውቅ ልንገረው። ጋራዥ ሄደን የተጣለ ኩሽኔታ እንለምናለን፣ መካኒኮቹ ደግሞ ዝም ብለው አይሰጡም፣ ውሃ ቅዳ፣ ሲጋራ ግዛ፣ ግቢውን ጥረግ ይሉሃል። ሦስት ወይ አራት ኩሽኔታ ከተገኘ ሞራሌ ተፈልጎ ጫፉ በቢላ እየተጠረበ ኩሽኔታው ቀዳዳ ውስጥ ጥብቅ ብሎ እስኪገባ ድረስ ይሞከራል፣ ከዛ በድንጋይ እየተመታ ይገባል፣ እንዳይወጣ ጫፉ ላይ ሚስማር ተመትቶ ይታጠፋል። እንጨቱ ሲደርቅ ኩሽኔታው ስለሚላላ ማታ ውሃ ውስጥ ነክረነው እናድራለን፣ ጠዋት እንጨቱ አብጦ ጥርቅም ብሎ ይገኛል። ላዩ ላይ ጣውላ፣ ፊት ለፊት በገመድ የሚዞር መሪ፣ በቃ። እሁድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ቸርችልን ቁልቁል ነው። የብረቱ ድምፅ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ አዛውንት ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ይቆጡናል፣ አመሻሽ ላይ ከሆነ ደግሞ ብረቱ አስፋልቱን ሲፍቀው ብልጭ ብልጭ ይላል። ፍሬን የለውም፣ ፍሬኑ የጫማ ሶል ነው፣ ስለዚህ የሁላችንም ጫማ አንድ ጎኑ ያለቀ ነበር፣ እናቶቻችንም የሚገርፉን በሱ ነው።

አንድ ክረምት ከዲሲ ለእረፍት የመጣ የጎረቤት የልጅ ልጅ እውነተኛ ስኬትቦርድ ይዞ መጣ። እኛ ቁጭ ብሎ መንዳት ነበር የምናውቀው፣ ልጁ ቆመበት። ቆሞ ሄደ፣ ዞረ፣ በአንድ እግሩ ኋላውን ረግጦ አነሳው። እንዴት እንደገረመን ልነግራችሁ አልችልም። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰልፍ ነው፣ ከኪዮስኩ እስከ መብራት እንጨቱ አንድ ዙር፣ ከዛ ለቀጣዩ። ትልቁም ትንሹም እኩል ተራ ነበረው፣ ማንም አልተጣላም፣ እኔ እስካሁን የማስበው እሱን ነው። ልጁ ሲሄድ ቦርዱን ትቶልን ሄደ። እንጨቱ እስኪሰበር ነዳነው፣ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ ጎማዎቹን ፈትተን የኛው የሞራሌ ጋሪ ላይ ገጠምናቸው፣ ያኔ ነው ዋናው ነገር የገባን፦ ጋሪው ዝም አለ። ያ ሁሉ ጩኸት ጠፍቶ ዝም ብሎ ይንሸራተታል፣ ጠጠር ላይ ሲወጣም አይቆምም።

ቆይቼ ሳነብ ነው እኛ የሰፈሩ ልጆች የስፖርቱን ታሪክ ሳናውቅ እንደደገምነው የገባኝ። ካሊፎርኒያም በ1950ዎቹ (በፈረንጅ ነው የማወራው) የባሕር ሞገድ የሚጋልቡት ልጆች የሮለር ስኬት ብረት ጎማ ጣውላ ላይ መትተው ነው የጀመሩት፣ ቀጥሎ ከሸክላ የተሠራ ጎማ መጣ፣ እሱም ትንሽ ጠጠር ሲያገኝ ቀጥ እያለ ሰው ይጥል ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የሚባል ልጅ ዩሪቴን የሚባለውን ጎማ ስኬትቦርድ ላይ አመጣ፣ ከዛ በኋላ ነው ሁሉም ነገር የተቀየረው። አስፋልቱን ይይዛል፣ ይነጥራል፣ ጠጠር ያልፋል። ዛሬ በኦሊምፒክ የምናየው ነገር ሁሉ ያለዚያ ጎማ አይታሰብም።

እና የዚህ የ4,800 ብሩ ቦርድ ትልቁ ችግር ዩሪቴን ተብሎ ፕላስቲክ መሆኑ ነው። በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ እዩት፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም፣ ጥሩውም ጎማ ደረቅ ሊሆን ስለሚችል። የተሻለው ጎማውን ፈትቶ ሲሚንቶ ላይ መጣል ነው፣ እውነተኛ ዩሪቴን ከፍ ብሎ ይነጥራል፣ ፕላስቲክ ጠቅ ብሎ ይቀራል። የኛው ጠቅ ብሎ ቀረ። መንገድ ላይ ሲነዳ ይንሸራተታል፣ በተለይ ዘመናዊው ንጣፍ ላይ ትንሽ ካፊያ ካለ አደገኛ ነው፣ ሸካራ አስፋልት ላይ ደግሞ ንዝረቱ የልጁን እግር ያደነዝዘዋል። ኮብልስቶን ላይ በየትኛውም ጎማ አይሞከር።

ኩሽኔታውም እንደዛው ነው። ሽፋኑ ላይ አቤክ 7 ይላል። አቤክ ማለት ኩሽኔታው ምን ያህል በትክክል እንደተሠራ የሚለካበት ደረጃ ነው፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እያለ ይሄዳል፣ የፍጥነት ቁጥር አይደለም፣ ሻጭ ይሄኛው 9 ስለሆነ ፈጣን ነው ቢላችሁ ብዙም አትስሙት። የኔው ጽሑፉ 7 ይበል እንጂ በጣት ሲሽከረከር ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ሻካራ ድምፅ ነበረው፣ ሐምሌ ላይ አንድ ዝናብ መታውና ሁለቱ ዝገው ቀጥ አሉ።

ደስ የሚለው ነገር ግን የስኬትቦርድ ኩሽኔታ የተለየ ነገር አይደለም። 608 የሚባለው ነው፣ ውስጡ 8 ሚሊሜትር፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7፣ ብዙ ትናንሽ ሞተር ውስጥም የሚገባ ነው። ስለዚህ መርካቶ ኩሽኔታ ሻጮች ጋ ሄዳችሁ 608 ስትሉ ይሰጧችኋል፣ ሁለት ጎኑ በላስቲክ የተሸፈነውን ጠይቁ፣ አቧራና ውሃ ይከላከላል። ለአራት ጎማ ስምንት ኩሽኔታ ነው። ለመቀየር ባለ 13 ቁልፍ ብቻ ይበቃል፣ ዳዶውን ትፈታላችሁ፣ ጎማውን ትስባላችሁ፣ የብረቱ ጫፍ ላይ አሳርፋችሁ ጎማውን ጠምዘዝ ስታደርጉት ኩሽኔታው ብቅ ይላል። አሮጌውን ለማጽዳት ከሆነ ሽፋኑን በመርፌ አንስታችሁ ቤንዚን ውስጥ ንከሩት፣ ይድረቅ፣ ከዛ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ። የሞተር ዘይት አታድርጉ፣ ወፍራም ነው፣ አቧራ ይሰበስባል። ይሄን ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥሩት፣ ቤንዚኑን ግን እናንተ ያዙት፣ ቆዳ ይጎዳል፣ እሳትም በቀላሉ ይይዘዋል። የኛው ልጅ አሁን ራሱ ነው የሚፈታው፣ ዳዶውን ሲያጠብቅ ጎማው እንዳይታነቅ ግማሽ ዙር መመለስ እንዳለበት ሳልነግረው ራሱ ደረሰበት።

ጎማውን ያገኘነው ግን ከሱቅ አይደለም። መስቀል አደባባይ ላይ ከሚነዱት ወጣቶች አንዱ ውጪ ካለ ጓደኛው የተላከለትን አሮጌ ጎማ በጥሩ ዋጋ ሰጠን፣ ያለቀ ቢሆንም ከአዲሱ ፕላስቲክ መቶ እጥፍ ይሻላል። ልጁ መጀመሪያ የገጠመው ቀን እንዴ አጎቴ ሌላ ቦርድ ሆነ እኮ አለኝ።

ስለነዚህ ወጣቶች ካነሳሁ ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ስፖርት የቆመው በነሱ ጉልበት ነው። ኢትዮጵያ ስኬት የሚባሉት ልጆች ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ ከሚባለው የውጪ ድርጅትና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በ2016 (በፈረንጅ) አዲስ ስኬት ፓርክን በኮንክሪት ሠርተዋል፣ ከዛ በፊት መንገድ ላይ ነበር የሚነዳው። ሴቶቹ ደግሞ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ ብለው የራሳቸውን ቡድን አቋቁመዋል፣ ሲነዱ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያኮሩት። በኛ ጊዜ ሴት ልጅ ኩሽኔታ ላይ ከተቀመጠች ሰፈሩ ሁሉ ነበር የሚያወራው፣ እህቴ ራሷ አንድ ቀን ነድታ አባታችን ጋ ተከሰሰች፣ አሁን ልጇ ሲነዳ ቆማ ስታይ ምን እንደሚሰማት አላውቅም ግን ጫማ ይሻላል ማለቱን ትታለች። ልጃችሁን ይዛችሁ እነዚህ ወጣቶች ያሉበት ሂዱ፣ አስተምሩልኝ ማለት አያስፈልግም፣ ሲወድቅ ሲያዩት ራሳቸው ይመጣሉ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ትከሻህን ከቦርዱ ጋር አስተካክል እያሉ እጁን ይዘው ያሳዩታል። ያቺ የኪዮስክና የመብራት እንጨት ተራ አሁንም አለች ማለት ነው፣ አንድ ቦርድ ለአራት ሲጋሩ አይቻለሁ።

ኦሊ የሚባለውን ዝላይ እነሱ ሲያሳዩት ቀረብ ብዬ አየሁት። የኋላ እግር የቦርዱን ጭራ መሬት ላይ ጠቅ ያደርገዋል፣ ቦርዱ አፍንጫውን ሲያነሳ የፊት እግር የጫማው ጎን ግሪፑን እየፋቀ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ በዛ ፍትጊያ ነው ቦርዱ እግር ሥር ተለጥፎ የሚነሳው፣ እጅ አይነካውም። አለን ጌልፋንድ የሚባል አሜሪካዊ ነው በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) መጨረሻ ጎድጓዳ ቦታ ላይ የጀመረው፣ ሮድኒ መለን ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደልዳላ መሬት ላይ አመጣው፣ ዛሬ መንገድ ላይ የምታዩት ብልሃት አብዛኛው የዛ ልጅ ነው። የዲሲው ልጅ ያኔ ያንን ነገር ሊያሳየን ሞክሮ ነበር፣ እኛ ግን ቦርዱ ጫማው ላይ ተለጥፎ ነው ብለን ሶሉን ገልብጠን አይተናል።

ስፖርቱ የት እንደደረሰ ለማወቅ የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ የሚያየውን ማየት ይበቃል። ቶኒ ሃውክ የሚባለው አሜሪካዊ በ1999 (በፈረንጅ) አየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል ዞሮ ሲያርፍ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር፣ ዕድሜው ያኔ 31 ነው። ያንኑ በ2024 አሪሳ ትሩ የምትባል የ14 ዓመት አውስትራሊያዊት አደረገችው፣ በሴት የመጀመሪያዋ ናት፣ በዛው ዓመት ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይም ወርቅ ወሰደች። ቶኪዮ ላይ ስኬትቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ የሴቶችን ስትሪት (ደረጃና መደገፊያ ላይ የሚደረገውን ውድድር) ያሸነፈችው ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ 13 ዓመቷ ነበር። ይሄን የምነግራችሁ ልጄ ገና ትንሽ ነው ለምትሉ ወላጆች ነው። 11 ዓመት ለዚህ ስፖርት ትንሽ አይደለም።

የት ይንዳ ለምትሉ፣ መሀል ከተማ ከሆናችሁ መስቀል አደባባይ ከታደሰ ወዲህ ጥሩ ነው፣ ሰፊ ነው፣ መሬቱም ደህና ነው፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ሯጮቹ ደረጃውን ይዘው ሲሠሩ እናንተ ታችኛውን ያዙ። የኮሪደሩ የእግረኛ መንገድ ይመቻል ግን ለእግረኛ የተሠራ ነው፣ ሰው ሲበዛ ቦርዱን በእጅ ይዞ መሄድ ነው፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። አንድ አዲስ የተሠራ ቦታ ላይ (ስሙን አልጠራም) ጥበቃው ልጁን ገና ሲያየው ፊሽካ ነፍቶ አባረረው፣ መቀመጫውን ትሰብራለህ ብሎ፣ ልጁ ገና መቆም እየተለማመደ እያለ። መቀመጫና እብነበረድ ላይ መንሸራተት መከልከሉ ይገባኛል፣ ጠርዙን ይበላዋል። ግን ባዶ ሜዳ ላይ የሚነዳ ልጅ ማባረር ትክክል አይደለም፣ ከዛ ተባርሮ የሚሄደው አስፋልት ላይ መኪና መሀል ነው፣ እኛ ቸርችል ላይ ስንወርድ አማራጭ ስላልነበረን ነው፣ እነሱ ግን አሁን ቦታ አላቸው።

ሄልሜት አብራችሁ ግዙ፣ በዚህ አልደራደርም። ሱቁ ውስጥ የነበረው የሳይክል ሄልሜት ብቻ ነው፣ ከምንም ይሻላል ግን የስኬቱ የጭንቅላቱን ኋላ ዝቅ ብሎ ይሸፍናል፣ ስኬት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወደቀው ወደ ኋላ ነው። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ብቻ እስኪቀር ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ አንገት ሥር ያለው ማሰሪያ አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። የእጅ አንጓ መከላከያ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ጀማሪ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ቦርዱን ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ከ5 2፣ ጎማና ኩሽኔታ ከተቀየረለት 4 እሰጠዋለሁ። የሱቁ መስተንግዶ 4። የስታዲየም ዙሪያ ባለሱቆች ይሄን ካነበባችሁ፣ ሙሉ ቦርድ ብቻ ሳይሆን እውነተኛ የዩሪቴን ጎማ ለብቻው አምጡ፣ ዲያሜትሩ 52 እና 54 ሚሊሜትር የሆነ ለሜዳው፣ ከ58 በላይ የሆነ ለስለስ ያለ ደግሞ ለአስፋልት። ገዢ አለ። እኔ ራሴ ለሁለት ቦርድ የሚሆን ሙሉ ጎማ እገዛለሁ፣ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ደግሞ አሮጌውን ለሰጠን ወጣት።